ያልተቆጠረችው እህት

ጥቁሩን መጋረጃ በልብስ መቆንጠጫ ከመስኮቱ ጠርዝ ጋር አያይዤዋለሁ፤ ብርሃኑ ግን ከታች በኩል ሾልኮ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ሥራ የሚጀምረው ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ስለሆነ አሁን ተኝቼ መሆን ነበረብኝ፤ ሌሊት የምለው ከልማድ ነው፤ በዚህ በሰሜን ኖርዌይ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ፀሐይ አትጠልቅም። ከመምጣቴ በፊት አንብቤው ስለነበር አልገረመኝም፤ ማወቅ ግን እንቅልፍ አያመጣም። ቡታጅራ አሁን ገና መምሸቱ ነው። ሙያዬ ዘጋቢነት ነበር፣ ወልቂጤ ለብዙ ዓመት በሬዲዮ የዞኑን ዜና ሳነብ ኖሬያለሁ፣ አሁን ፋብሪካ ውስጥ ሳልመን ከሚባል ዓሣ ሥጋ ላይ ቀጫጭን አጥንት በመቆንጠጫ እነቅላለሁ። ሁለቱም ሥራ ስሜት አይጠይቅም። በሬዲዮ ሰው የተሰማውን ሳይሆን የሆነውን እናገር ነበር፣ አንድ ሰው የነገረኝን ሌላ ሰው ሳያረጋግጥልኝ አየር ላይ አላውልም። አሁን በሁለት ሰው ያረጋገጥኩት፣ በላቦራቶሪም የተደገፈ ነገር በእጄ አለ፤ እንዳልናገረው ደግሞ እህቴ ለምናኛለች። ታናሽ ወንድማችን ብሩክ ከመስቀል በኋላ ያገባል፣ ሽማግሌ ተልኳል፣ ቀለበት ታስሯል፣ አዳራሽ ተይዟል። ዝም ካልኩ የሚወልደው ልጅ እንደ ሲፈን ሊሆን ይችላል።

ሲፈን የእህቴ የሸዋዬ ልጅ ናት፣ ሰባት ዓመቷ ነው። ስትወለድ ምንም አልነበረባትም። ሸዋዬ እንደማንኛዋም እናት ጠዋት ጠዋት ዘይት እየቀባች ደጅ ላይ ፀሐይ ታሞቃታለች፣ አጥንት ያጠነክራል ይባላል፣ እውነትም ያጠነክራል፣ ማንም ሰው ይህን ሲመክር አልተሳሳተም። ጥቂት ቀን ቆይቶ ፊቷ ተላጠ። ጎረቤት ሁሉ ዘይቱን ቀይሪው አለ፣ ቀየረችው፣ ፀሐዩን የጠረጠረ አልነበረም፣ ፀሐይን ማን ይጠረጥራል? ሁለት ዓመት ሳይሞላት ጉንጮቿን ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ሞላቸው፣ ዓይኗ ብርሃን አልችል አለ፣ አምስት ዓመት ሲሆናት አፍንጫዋ ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሎ አታት ሆስፒታል ያያት ሐኪም ወደ አዲስ አበባ ላካት፣ እዚያ ቆርጠው አወጡት፣ የቆዳ ካንሰር ነው አሉ። የአምስት ዓመት ልጅ። ሸዋዬ ካንሰር ሲባል አላለቀሰችም፤ ያለቀሰችው ከፀሐይ ጠብቂያት ሲሏት ነው። «እኔው ነኝ ያሰጣኋት» ትላለች እስከ ዛሬ። «እንደ በርበሬ ነው ያሰጣኋት ጋሼ፣ እያገላበጥኩ።» አይደለም እላታለሁ፣ ፀሐዩን ባታሞቂያትም በሽታው ነበረባት፣ ይህ የተረጋገጠ ነው። የተረጋገጠ ነገር ስነግራት አታምነኝም።

ስለዚህ ሲፈን ደጅ የምትወጣው ሲመሽ ነው። ትናንት ነው ወይስ ባለፈው ሳምንት፣ ቀኑ እዚህ ስለማይለይ ይምታታብኛል፣ በቪዲዮ ስደውል ግቢ ውስጥ ገመድ ትዘላለች፣ የፊት ጥርሷ ወልቋል፣ ስልኩን ከእናቷ ነጥቃ ፊቷን አስጠጋች። በእሷ በኩል ጨለማ ነው። በእኔ በኩል መስኮቱ ክፍት ነው፣ ግንባሬ ላይ ፀሐይ አርፏል።

«አጎቴ! ፀሐይ መታህ እኮ! ግባ!»

«ቤት ውስጥ ነኝ ሲፉ።»

«ታዲያ ዝጋው! ቆብህስ የት ሄደ?»

«እኔን አይጎዳኝም።»

«ማን አለህ?»

ሐኪም ነው አልኳት።

«የኔ ሐኪም ነው ወይስ ያንተ?»

ተነስቼ መጋረጃውን ዘጋሁት፣ ያኔ ነው ስለ ጥርሷ ማውራት የጀመረችው። የሷ ቤት መስኮት ሁሉ ፊልም ለብሷል፣ የብሩክ ሥራ ነው፣ ብሩክ ወልቂጤ መናኸሪያው አጠገብ የመኪና መስታወት ላይ ፊልም እየለጠፈ የሚኖር ልጅ ነው፣ ልጅ የምለው እኔ ስላሳደግኩት ነው እንጂ ሰው ሆኗል። ከፀሐይ ትጠበቅ ሲባል ያለውን ጥቁር ፊልም በሙሉ ጠቅልሎ ቡታጅራ ሄደና የሸዋዬን ቤት አለበሰው። «የባለሥልጣን መኪና አስመሰልኩልሽ!» አላት፣ ሳቁ፣ ቤቱ ጨለመ፣ ሁሉም ተረጋጋ። ልጅቷ ግን ቤት ውስጥ እንዳለች ቆዳዋ መቅላቱን አልተወም። እኔ ከዚህ የጨረር መለኪያ ልኬ ለኩት ስላቸው ነው የታወቀው፣ ጥቁሩ ፊልም የቀነሰው የሚታየውን ብርሃን ነው፣ የማይታየውን ጎጂ ጨረር አብዛኛውን አሳልፎታል። ብርጭቆ የመሰለው፣ ዓይን የማይጠረጥረው ሌላ ፊልም አለ፣ እሱ ግን ያስቀረዋል። ብሩክ ጥቁሩን በምላጭ እየፋቀ አውርዶ ያንን ለጠፈ፣ ሲጨርስ ደወለልኝና «ሼም ነው ጋሼ» አለ፣ «ይሄን ሁሉ ጊዜ ጨለማ ነው የለጠፍኩላት።» አሁን ቤቱ ውስጥ ብርሃን ይገባል፣ ልጅቷም አትቃጠልም። ይህን ሳስብ ትንሽ ይቀለኛል፤ ቀጥሎ ግን የብሩክ እጮኛ ማን እንደሆነች አስታውሳለሁ። ቤተልሔም ትባላለች፣ የሸዋዬ ባል የሰይፉ ታናሽ እህት ናት።

የበሽታው ስም ረጅም ነው፣ ስሙን ማወቅ ለማንም አልጠቀመም። የሚጠቅመው አሠራሩን ማወቅ ነው። የፀሐይ ጨረር የማንኛችንንም ቆዳ ሲመታ በዲኤንኤ ውስጥ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፊደላት ይጣበቃሉ፤ በእኔም ይሆናል፣ በሸዋዬም፣ በገበያው ሰው ሁሉ። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ክሩን እየዳሰሰ የተጣበቀውን ቦታ የሚያገኝ ፕሮቲን አለ፣ እሱ ሲጠቁም ሌሎቹ ይመጣሉ፣ የተበላሸውን ቁራጭ ቆርጠው አውጥተው አዲስ ይተካሉ። የሲፈን ሴል ያንን ጠቋሚ መሥራት አይችልም። የተጣበቀው እንደተጣበቀ ይቀራል፣ ሴሉ ሲባዛ ስህተቱ አብሮ ይባዛል፣ ስህተቱ የሴሉን ዕድገት የሚቆጣጠር ዘረመል ላይ ሲያርፍ ዕጢ ይሆናል። ጠቋሚውን የሚያሠራው ዘረመል ሁለት ቅጂ አለው፣ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይበቃል፣ ሰውየው ጤነኛ ሆኖ ያረጃል፣ ተሸካሚ መሆኑን እንኳ አያውቅም። በሲፈን ሁለቱም ተበላሽተዋል። ይህን ያወቅነው እዚህ ያለ የጥናት ቡድን ምራቃችንን ስለተቀበለን ነው፤ እነሸዋዬ ቡታጅራ ሆነው ቱቦ ውስጥ ተፉ፣ ለጉዳይ የሚመላለስ የቤተ ክርስቲያን ሰው በሻንጣው ይዞልኝ መጣ፣ እኔም የራሴን ጨመርኩ፤ ውጤቱን እነሱን ወክዬ እንድሰማ ሸዋዬና ሰይፉ ፈቀዱ።

የዘረመል አማካሪዋ ትንሽ ክፍል ውስጥ አስቀመጠችኝ። ጠረጴዛው ላይ ውኃና ሶፍት አለ፣ ሶፍቱ ማንም ሳያለቅስ ቀድሞ የተቀመጠ ነው። ቋንቋቸውን እሰማለሁ ብላትም ደንብ ነው ብላ በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ አስገባች፣ አስተርጓሚዋ ስም የላትም፣ ቁጥር ብቻ ናት፣ ድምፅዋ ግን የአዲስ አበባ ልጅ መሆኗን ይናገራል። አማካሪዋ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። አስተርጓሚዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ጥያቄው የሳቸው ነው። ባልና ሚስቱ ዘመዳሞች ናቸው ወይ ይላሉ።»

«አይደሉም በያቸው።»

«እሺ፣ ተመስገን» አለች፤ ይህችኛዋን እንደተረጎመቻት እንጃ።

በእኛ ዘንድ ትውልድ ሳይቆጠር ጋብቻ የለም አልኩ። ሰባት ድረስ ይቆጠራል፣ በሸዋዬ ጊዜ ሽማግሌዎች ከሁለቱም ወገን ቁጭ ብለው ቆጥረዋል፣ በአባትም በእናትም፣ እኔም እዚያው ነበርኩ፣ ማንም አልዋሸም፤ ጌታን ተቀብለን እንኳ ይህን አልተውነውም አልኳት። አማካሪዋ አልተከራከረችኝም። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችና አሳየችኝ፣ ሁለቱ ቅጂዎች የተበላሹት በአንድ ፊደል፣ በአንድ ቦታ ላይ ነው፣ ግራና ቀኙም ረጅም ርቀት ድረስ አንድ ዓይነት ነው። ከአንድ ሰው ወርዶ ካልሆነ እንዲህ አይገኝም። አራት ትውልድ፣ ምናልባት አምስት አለች። ሐሳቤን የምለውጠው ማስረጃ ሳይ ነው፣ ማስረጃው ፊቴ ነው።

ወልቂጤ ያለችው እናታችን ጋ ደወልኩ። «የአያትሽን እህቶች ስም ንገሪኝ» አልኳት።

«ምን ልታደርገው? ሬዲዮ ላይ ልታወራን ነው?»

«ሬዲዮ ከተውኩ ቆየሁ እኮ እማዬ።»

«አዎ፣ ዓሣ ላይ ነህ አሉ። ወሬ ሲያልቅብህ ወደ ዓሣ ገባህ።» ሳቀች፣ ከዚያ አሰበች። «አያቴ ታላቋ ነበረች። ታናሽዋ ዘይባ ናት፣ ከቸሃ ወደ መስቃን አገር፣ ወደ ቡታጅራ በኩል፣ ተድራ ሄደች፣ ከዚያ ወዲህ ማን አያት፣ መንገዱ እንደዛሬ መሰለህ? አባታቸው አምርጋ ነው። ለምንድነው?»

«እንዲሁ ነው» አልኩ። ቀጥሎ ሰይፉ ጋ ደወልኩ፤ አስተማሪ ነው፣ ለጥያቄ ምክንያት አይጠይቅም። የእናቱ አያት አስካለ ትባል ነበር አለኝ፣ ከቸሃ የመጣች፣ የአምርጋ ልጅ። መንደሩንም ጠራው፣ እናቴ የጠራችው ያው መንደር ነው። ሁለት ምንጭ። በዚያ ዘመን አስካለ በተዳረችበት ቤት ሙሽራ ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች፣ አሮጌው ስም ደጅ ይቀራል። ዘይባ ገባች፣ አስካለ ሆነች። በሸዋዬ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ሲቆጥሩ ከሰይፉ ወገን አስካለ ተባለ፣ ከእኛ ወገን አስካለ የምትባል የሚያውቅ የለም፤ ከእኛ ወገን ዘይባ ተባለ፣ ከእነሱ ወገን ዘይባን የሚያውቅ የለም። ወንዶቹን ከአባት ወደ አባት እስከ ሰባት ድረስ ቆጠሩ፣ ሴቶቹን በስማቸው ጠርተው አለፉ፣ የእነዚህ አባት ማነው ያለ አልነበረም። ሁለቱ እህትማማቾች፣ የእናቴ አያት ከእኛ ወገን፣ አስካለ የተባለችው ዘይባ ከእነሱ ወገን፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ምንጣፍ ላይ፣ አንዷ ከአንዷ አጠገብ ተጠሩና ማንም አላወቃቸውም። እኔም እዚያው ተቀምጫለሁ። አልጋው ላይ ተገላብጬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ፣ ብርሃኑ ግድግዳውም ላይ አለ።

ለሸዋዬ ስነግራት መጀመሪያ አልገባትም፣ ደገምኩላት፣ ከዚያ በር ስትዘጋ ሰማሁ።

«ጋሼ፣ ስለ ጌታ ብለህ። ለማንም እንዳትናገር።»

«የሚያፋታችሁ የለም ሸዋዬ። አራት ትውልድ ነው። በሕግም ምንም የለበትም።»

«ሕግ! የሰይፉ እናት ሕግ ታውቃለች? አንድ ቀን አታሳድረኝም።» አለች። «ሲፈንን ምን እንደሚሏት ታውቃለህ? ዓይን በላት አሉ፣ ቻልኩ። እርግማን ነው አሉ፣ ቻልኩ። አሁን ደግሞ ዘመዳሞች ተጋብተው የወለዷት ይበሏት? ልጅቷ ነገ ታድጋለች፣ ትሰማለች።»

«ብሩክስ?»

በሩ መዘጋቱን ደግማ ስታረጋግጥ ሰማሁ።

«ብሩክና ቤተልሔም መመርመር አለባቸው ሸዋዬ።»

«አንዱን ስትነግር ሌላው ይከተላል። አንተ ጋዜጠኛ ነህ፣ እኔ ነኝ ይሄን የምነግርህ?» ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ብሩክን የማልወደው መሰለህ?»

እንዳልመሰለኝ ልነግራት ስል ስልኩን ዘጋችው። አማካሪዋም በበኩሏ ደንቧን ነግራኛለች፣ ውጤቱ የወላጆቹ ነው፣ ለወንድምህ እኔ መደወል አልችልም፣ እነሱ ይችላሉ አለች። እኛ አገር የአንድ ሰው ሕመም የሰፈሩ ጉዳይ ነው፣ እዚህ የሰውየው ብቻ ነው፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ እኔ ተኝቻለሁ። «ያንተ ውጤት ግን ያንተ ነው፣ ለፈለግከው መንገር ትችላለህ» ብላለች ስትሸኘኝ። ውጤቴ ተሸካሚ ነኝ። ብሩክ ወንድሜ ነው፣ እሱም የመሆን ዕድሉ ግማሽ ነው፤ ቤተልሔም የሰይፉ እህት ናት፣ የሷም ግማሽ ነው። ሁለቱም ተሸካሚ ከሆኑ ከአራት ልጅ አንዱ እንደ ሲፈን ይሆናል። ከሆኑ ነው፣ ላይሆኑ ይችላሉ፣ ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ሸዋዬና ሰይፉ ሲጋቡ ማንም ቢያሰላው ኖሮ ዕድሉ ከዚህ በጣም ያነሰ ይሆን ነበር፤ ሲፈን ግን ተወለደች። ያ ምራቃችንን ያመጣው የቤተ ክርስቲያን ሰው ሰኞ ለጥቂት ቀን ወደ አገር ቤት ይሄዳል፣ ባዶ ቱቦዎች ይዞ ሄዶ የብሩክንና የቤተልሔምን ምራቅ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ምርመራው ሁለት ወር ይፈጃል። በሰኞው ካልሄዱ ውጤቱ የሚደርሰው ከሰርጉ በኋላ ነው። እውነታው ይህ ነው፣ ስንት ጊዜ ብገላበጥ አይለወጥም፣ ሸዋዬ በሩን ስትዘጋ የሰማሁት ድምፅም አይለወጥም። የራሴን ውጤት ብቻ እናገራለሁ አልኩ። የአምርጋን ልጆች አልጠራም። ተነሳሁ፣ ደወልኩ።

ብሩክ ቡታጅራ ነበር፣ የቤተልሔም ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ፣ በስተጀርባው ግማሽ የተሰፋ ነጭ ልብስ ተሰቅሏል።

«አለቃ! አልተኛህም እንዴ? እዚያ ሁሌ ቀን ነው አሉ፣ ደሞዝህንም እጥፍ ያርጉልህ እንጂ!» የጨርቅ መቀስ ይዞ በአየር ላይ ይቆርጣል። «ያንን ቀሚስ አትየው፣ ለኔም ገና አልተፈቀደልኝም።»

«ቤተልሔም አለች?»

«ደህና አመሹ ጋሼ» አለች ከጎኑ ብቅ ብላ። መርፌ ደረቷ ላይ ሰክታለች።

ነገርኳቸው። ዜና እንደማነብ ነው የነገርኳቸው፣ ሌላ አነጋገር አላውቅም። የሲፈን በሽታ የሚወረስ ነው፣ እናትም አባትም ካልያዙት ልጅ አይታመምም፣ እኔ ተመርምሬ ተሸካሚ ሆኛለሁ፣ እናንተም ከመጋባታችሁ በፊት ብታውቁት ይሻላል፣ ሰኞ በሚመጣ ሰው የምራቅ ቱቦ ልልክላችሁ እችላለሁ። ብሩክ መቀሱን መክፈትና መዝጋት አቆመ።

«እና እኔም ሊኖርብኝ ይችላል?»

«ግማሽ በግማሽ።»

«ቤቲም?»

«እሷም።»

«በቃ፣ ቤቱን ገና ሲሠራ ፊልም እለጥፍበታለሁ» አለ። ማንም አልሳቀም፣ እሱም አልሳቀም። «ይቅርታ» አለ ቀጥሎ፣ ማንን ይቅርታ እንደጠየቀ ግን አልገባኝም።

ቤተልሔም ስልኩን ከእጁ ወሰደች። ፊቷ ስክሪኑን ሞላው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይሄ ነገር ከስንት ሰው አንዱ ላይ ነው ያለው?»

«ከብዙ መቶ ሰው አንዱ።»

«ታዲያ እንዴት ብሎ ከእናንተም ቤት ከኛም ቤት ገባ?»

ሸዋዬ አንዱን ስትነግር ሌላው ይከተላል ያለችው ይህንን ነው። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፣ ዘጋቢ ብሆን እኔም የምጠይቀው እሱን ነበር። መልሱ ምላሴ ላይ ነው፣ ሁለት ስም ነው፣ ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም አይጠይቅም።

«አላውቅም» አልኩ።

የያዝኩትን መረጃ የለኝም ስል ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ድምፄ አልተለወጠም፣ እሱ ነው ያስደነገጠኝ። 

«እኔ አውቃለሁ» አለች ቤተልሔም።

«ምኑን?» አለ ብሩክ ከጎን።

«ለፋሲካ እናታችሁ እዚህ መጥተው ተድራ ስለቀረች ስለ አያታቸው እህት ሲያወሩ፣ ሰሀን ይዤ ነበር የቆምኩት። ዘይባ ሲሉ ሰማኋቸው። የእናቴ አያት አስካለ የሞተች ቀን አንዲት አሮጊት ከቸሃ መጥተው ዘይባ፣ ዘይባ እያሉ አልቅሰዋል፣ እናቴ እኚህ ሴት የማን ልቅሶ መሰላቸው እያለች ትገረም ነበር።» ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። «ከፋሲካ ጀምሮ ይዤዋለሁ ጋሼ። ቀለበቱ እንዳይመለስ ብዬ። የልጅ ነገር እንዳለበት ግን አላወቅኩም፣ እግዚአብሔር ያውቃል።»

«ዘይባ ማናት?» አለ ብሩክ። «ቤቲ፣ ዘይባ የምትይው ማናት? ጋሼ?»

ልናገር ስል እጇን አነሳች።

«እርስዎ ተዉት፣ እኔ ነኝ የምነግረው። ቱቦዎቹን ግን ይላኩ፣ ሁለቱንም። ሸዋዬን ነገ እኔ ሄጄ አያታለሁ፣ ከሌላ ሰው እንዳትሰማ።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ አልዘጋችውም፣ የሚታየኝ ጣራው ብቻ ነው። እኔም አልዘጋሁትም።

«ብሩክ» አለች፣ «መቀሱን አስቀምጥና ቁጭ በል።»

መቀሱ ሲቀመጥ ሰማሁ። ወንበሩ ሲሳብ ግን አልሰማሁም።